የይለፍ ቃላችንን ለማን አደራ እንስጥ?

ባለፈው የትምህርት ወቅት መጨረሻ ላይ በዶርማችን አንድ ነገር ደረሰ። ከእኛ ጋር የሚኖር አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ማለዳ ተነሥቶ ኢሜሉን ሊከፍት ቢሞክር አልከፈት አለው። ቃሉን ደጋግሞ ጻፈ፤ «የይለፍ ቃሉ ስሕተት ነው» ከሚል መልስ በቀር የመጣለት ነገር አልነበረም። ነገሩ ገና ሳይገባው ከዓረብ አገር ስልክ ተደወለለት። በሰው ቤት ተቀጥራ የምታስተምረው ታላቅ እኅቱ ነበረች። «ገንዘቡ ደረሰህ ወይ?» አለችው። ለካ ሌሊቱን በእርሱ ፌስቡክ «ታምሜ ሆስፒታል ገብቻለሁ፤ በዚህ ሰው ስም ቶሎ ላኪልኝ» የሚል መልእክት ደርሷት የሁለት ወር ደመወዟን ልካ ኖሯል። ገንዘቡ አልተመለሰም። በኢሜሉ ውስጥ ያስቀመጠው የመመረቂያ ጽሑፉ ሁለት ምዕራፍም እዚያው ቀረ።

ሌባው በር አልሰበረም። እ.ኤ.አ. በ2013 ትሮይ ሀንት የተባለ አውስትራሊያዊ የመሠረተው «ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ» የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ አንድ የኢሜል አድራሻ በየትኛው የተሰረቀ መዝገብ ውስጥ እንደ ተገኘ ይናገራል። የወንድማችንን አድራሻ ብንጽፍበት፣ ከሁለት ዓመት በፊት ተመዝግቦ የረሳው አንድ አነስተኛ ድረ ገጽ መዝገቡ ተሰርቆ አገኘን። ወንድማችን ለዚያ ገጽ የሰጠው የይለፍ ቃል ከኢሜሉም ከፌስቡኩም ጋር አንድ ነበር። ስለዚህ የአንዲቱ ጎጆ ቁልፍ ሲሰረቅ የግቢው ቁልፍ ሁሉ አብሮ ተሰረቀ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በዶርማችን ክርክር ተነሣ። አንዱ «የይለፍ ቃል በጭንቅላት ነው የሚያዝ» አለ። ሌላው «ደብተር ይበቃል» አለ። ሦስተኛው ፓስዎርድ ማኔጀር የሚባለውን መተግበሪያ እንጠቀም ቢል፣ «የሁሉንም ቁልፍ ለማናውቀው የውጭ ኩባንያ ማስረከብ ከወንድማችን ስሕተት በምን ይለያል?» የሚል ጥያቄ ቀረበበት። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሆንን ስለ ኮምፒዩተር እንደ ሊቅ ልንናገር አንችልም፤ ነገር ግን ይህን ጥያቄ ይዘን አንብበናል፣ ሞክረናልም፤ የደረስንበትንም ለጓደኞቻችን ማካፈል ይገባናል እንላለን።

የነገሩ መነሻ

የይለፍ ቃል በኮምፒዩተር ላይ ሥራ ከጀመረባቸው ቦታዎች በቀደምትነት የሚጠቀሰው በአሜሪካ የሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፌርናንዶ ኮርባቶ መሪነት አንድ ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎችን በአንድነት እንዲያገለግል ሲደረግ፣ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ቃል ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1962 አለን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ የተመደበለት የኮምፒዩተር ሰዓት አልበቃ ስላለው፣ የሁሉንም የይለፍ ቃል የያዘውን ፋይል እንዲያትምለት ለመሣሪያው ትእዛዝ ሰጥቶ ወረቀቱን ወሰደ። እንግዲህ የይለፍ ቃል ገና ከመወለዱ የሰረቀው እንደኛው ተማሪ ነበር ማለት ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ቃሉን የሚያስቀምጠው ቤት ከተዘረፈ የባለቤቱ ጥንቃቄ ብቻውን እንደማያድን ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘረፋው እየሰፋ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ ከተባለ ኩባንያ ከ32 ሚሊዮን በላይ የይለፍ ቃላት ያለ አንዳች መሸፈኛ ተሰረቁ። ዝርዝሩ ሲመረመር ከሁሉ የበዛው ቃል «123456» ሆኖ ተገኘ። ሌቦች እንዲህ ያሉ ዝርዝሮችን ይሰበስባሉ፤ ከዚያም የሰውየውን ኢሜልና የይለፍ ቃል ወስደው በሌሎች ድረ ገጾች ሁሉ ላይ በማሽን ይሞክሩታል። ሌባው ማንነታችንን ማወቅ አያስፈልገውም። ወንድማችንንም ያገኘው ፈልጎት አይደለም፤ ማሽኑ ከሞከራቸው ብዙ በሮች አንዱ የእርሱ ሆኖ ተከፈተ እንጂ።

ስለዚህ መድኃኒቱ ለየአካውንቱ ልዩ ልዩ የሆነ፣ ከስማችንና ከልደት ቀናችን ጋር የማይገናኝ ቃል መያዝ ነው። ነገር ግን አንድ ምሽት ተቀምጠን ያሉንን አካውንቶች ብንቆጥር የአንዳችን ብቻ 34 ሆነ። ሠላሳ አራት ትርጉም የለሽ ቃላትን በጭንቅላት እይዛለሁ የሚል ሰው ወይ ዳዊትን በቃሉ የደገመ ተማሪ ነው፣ ወይም አንዱን ቃል መጨረሻውን እየለወጠ ይጠቀማል። ደብተሩስ? ደብተር ሩቅ አገር ካለ ሌባ ይሰውራል፤ ይህ በጎነቱ ሊካድ አይገባም። ዳሩ ግን ደብተር በዶርም ይረሳል፣ በታክሲ ይወድቃል፣ ያገኘውም ሁሉ ያነበዋል።

የተቆለፈ ሣጥን

ፓስዎርድ ማኔጀር ምን እንደሚሠራ ለመረዳት አደራን ማሰብ ይጠቅማል። አንድ መንገደኛ ወርቁን በሣጥን ቆልፎ ጎረቤቱ ዘንድ አደራ ያስቀምጣል፤ ቁልፉን ግን በአንገቱ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ጎረቤቱ ሣጥኑን ይጠብቃል እንጂ በውስጡ ያለውን አያይም። ደኅና ፓስዎርድ ማኔጀርም እንዲሁ ነው። የይለፍ ቃሎቻችን በእኛው ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ላይ ወደማይነበብ ምስጢር ከተለወጡ በኋላ ወደ ኩባንያው ይላካሉ፤ ምስጢሩን የሚፈታው «ማስተር ፓስዎርድ» የሚባለው አንድ ዋና ቃል ከእኛ ጋር ይቀራል። እኛ ያን አንድ ቃል ስናስታውስ መተግበሪያው 34ቱንም ይይዝልናል፤ አዲስ ቃል ሲያስፈልግም ራሱ ያወጣልናል።

ሌላም ጥቅም አለው። ሌቦች ፌስቡክን ወይም ባንክን የሚመስል ገጽ ሠርተው አገናኙን ይልካሉ፤ ዓይናችንም መልኩን አይቶ ይታለላል። ማኔጀሩ ግን የሚያየው የገጹን አድራሻ ነው። አድራሻው በአንዲት ፊደል እንኳ ቢለይ ቃሉን አውጥቶ አይሞላም። ሁልጊዜ ይሞላ የነበረው መተግበሪያ ዛሬ ዝም ካለ፣ ቆም ብለን አድራሻውን ማንበብ ይገባናል።

አራት ጥያቄዎች

ታዲያ ጎረቤቱን እንዴት እንምረጥ? በየማስታወቂያው ሁሉም «ከሁሉ የተሻልኩ ነኝ» ይላል። በእኛ አስተያየት የአደራ ጠባቂ የሚፈተነው በደኅና ቀን ሳይሆን በክፉ ቀን ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ማኔጀር ከመምረጣችን በፊት አራት ክፉ ቀኖችን እያሰብን እንጠይቅ።

አንደኛው፦ ኩባንያው ራሱ የተዘረፈ ዕለት ምን ይሆናል? ይህ የፈጠራ ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ላስትፓስ የተባለው ታዋቂ ድርጅት ተዘርፎ የደንበኞቹ ሣጥኖች ቅጂ ተወሰደ። የይለፍ ቃሎቹ በምስጢር የተጻፉ ስለ ነበሩ ሌባው ወዲያው ሊያነባቸው አልቻለም፤ የድረ ገጾቹ አድራሻ ግን ሳይሸፈን ተገኘ። በአንዳንድ የቆዩ ደንበኞች ሣጥን ላይ ደግሞ ቁልፉን እየገመቱ ለመሞከር የሚጠይቀው ድካም ከሚገባው በታች ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለብን፣ ሌባው ቅጂውን በቤቱ ይዞ ዓመታት ሊሞክር መቻሉን ነው። ዋናውን ቃል በኋላ መለወጥም አስቀድሞ የተወሰደውን ቅጂ አያድነውም። ስለዚህ ሣጥኑ ሁሉ የሚሸፈንበትን፣ አሠራሩንም በግልጽ የሚያሳይ መምረጥ ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን የዋናው ቃል ጥንካሬ ይፈርዳል። በዶርማችን ለተነሣው ጥያቄ መልሱም ይኸው ነው፦ ወንድማችን ለድረ ገጹ የሰጠው ቁልፉን ነበር፤ በደኅና ማኔጀር ዘንድ ግን የምናስቀምጠው የተቆለፈውን ሣጥን ነው።

ሁለተኛው፦ ኢንተርኔት የጠፋ ዕለት ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ በውጭ አገር የሚጻፉ መምሪያዎች እምብዛም አያነሡትም፤ እኛ ግን እናውቀዋለን። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ ነበር። ከኔትወርክ ጋር ብቻ የሚከፈት ሣጥን እንዲህ ባለ ቀን ባዶ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ማኔጀሩ የሣጥኑን ቅጂ በስልካችን ላይ የሚያስቀምጥ መሆኑን፣ ሙሉ በሙሉ ከማመናችን በፊት ዳታ አጥፍተን መሞከር ይገባናል።

ሦስተኛው፦ ኩባንያው ሐሳቡን የለወጠ ዕለት ምን ይሆናል? ላስትፓስ እ.ኤ.አ. በ2021 በነፃ የሚጠቀሙ ደንበኞቹን ከስልክና ከኮምፒዩተር አንዱን ብቻ እንዲመርጡ አስገደዳቸው። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2025 ኦተንቲኬተር በተባለው መተግበሪያው ውስጥ የይለፍ ቃል የማስቀመጡን አገልግሎት ዘጋ። ብዙዎቻችን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ስለሌለን፣ ነፃው ነገር ነገ የሚከፈልበት ቢሆን መድረሻ እናጣለን። ስለዚህ ዕቃችንን ሁሉ በአንድ ፋይል አውጥተን ወደ ሌላ ቤት ለመሄድ የሚፈቅድ መሆን አለበት። ነገር ግን ሲወጣ ያ ፋይል ማንም የሚያነበው ግልጽ ጽሑፍ ሊሆን ስለሚችል፣ ሥራው እንዳለቀ መደምሰስ ይገባል።

አራተኛው፦ እኛ ራሳችን ዋናውን ቃል የረሳን ዕለት፣ ወይም ስልካችን የተሰረቀ ዕለት ምን ይሆናል? እዚህ ላይ አንድ መራራ እውነት አለ። ኩባንያው ቁልፉን በእውነት ካልያዘ፣ ብንረሳውም ሊሰጠን አይችልም። «ከረሳህ እኔ እከፍትልሃለሁ» የሚል ጠባቂ፣ ሳንረሳም ሊከፍት እንደሚችል መጠርጠር አለብን። ስለዚህ ዋናው ቃል በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ ቤተ ሰባችን ዘንድ ወይም በሚቆለፍ ሻንጣ ውስጥ ይቀመጥ። ይህ ኋላ ቀርነት እንዳይመስለን። ባሕር ማዶ ያለ ሌባ ከእናታችን ቁም ሣጥን ወረቀት ሊሰርቅ አይችልም።

ምርጫው

እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን ሦስት ዓይነቶችን መዝነናል።

መጀመሪያ በብራውዘር ውስጥ ያለው ነው፤ ለምሳሌ ክሮም «ይህን ቃል ላስቀምጥልህ?» እያለ የሚጠይቀው። ነፃ ነው፣ ለመጀመርም ቀላል ነው። አንድ ቃል ለሁሉ ከመጠቀም ያለ ጥርጥር ይሻላል። ሆኖም ሣጥኑ ከጉግል አካውንታችን ጋር የተጣበቀ ስለ ሆነ አካውንቱ ከተወሰደ ሣጥኑ አብሮ ለአደጋ ይጋለጣል። በጋራ ኮምፒዩተር ላይ ስማችንን ሳንዘጋ ከወጣን ደግሞ ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው በእኛ ስም ሊገባ ይችላል።

ሁለተኛው ኪፓስ ነው። ዶሚኒክ ራይክል የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ሲሆን፣ በዚያው የፋይል ዓይነት የሚሠሩት ኪፓስ ኤክስሲ ለኮምፒዩተር፣ ኪፓስ ዲኤክስ ለአንድሮይድ ስልክ ይገኛሉ። ሁሉም ነፃ ናቸው። እዚህ ጎረቤት የሚባል የለም፤ ሣጥኑ በእኛው ፍላሽ ወይም ስልክ ላይ ያለ አንድ ፋይል ነው። ኢንተርኔት ቢጠፋ ግድ የለውም፤ የሚዘጋ ኩባንያም የለም። ጉዳቱ፣ ቅጂ መያዙ የእኛ ሥራ መሆኑ ነው። ፍላሹ ከጠፋና ሌላ ቅጂ ከሌለ ሁሉም ጠፋ። እንዲሁም በስልክ የጨመርነውን ወደ ኮምፒዩተሩ ማዛወር ትጋት ይጠይቃል።

ሦስተኛው በኩባንያ ሰርቨር የሚቀመጠው ነው። ከእነዚህ ውስጥ የካናዳው ዋንፓስዎርድ በዋናው ቃል ላይ ሌላ ረጅም የምስጢር ቁልፍ ስለሚጨምር የተመሰገነ ነው፤ ግን ክፍያ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ቢትዋርደን የፕሮግራሙን ጽሑፍ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል፤ ይህን ስንጽፍ ነፃው አገልግሎቱ የቃላቱንም ሆነ የመሣሪያዎቹን ብዛት አይገድብም። አንዴ ገብተን ከሆነ ኔትወርክ ሲጠፋም በስልክ ላይ ያለውን ቅጂ ለማንበብ ይቻላል፤ አዲስ ነገር መጨመር ግን አይቻልም።

የእኛ አስተያየት ይህ ነው፦ ስልክና ኮምፒዩተር እያፈራረቀ ለሚጠቀም ተማሪ ቢትዋርደን፣ ማንንም ማመን ለማይወድና ቅጂ ለመያዝ ለሚተጋ ኪፓስ ይስማማዋል። ሁለቱም ከበዱበት የምንለው በብራውዘሩ ይጀምር፤ ሳይጀምር ግን አይደር።

ዋናውን ቃል በዕጣ

ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር በአንዱ ዋና ቃል ላይ ይቆማል። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ የይለፍ ቃልን በየጊዜው ያለ ምክንያት ማስለወጥና ልዩ ልዩ ምልክት ማስጨመር ብዙ እንደማይረዳ አስታውቆ ለርዝመቱ ክብደት ሰጥቷል። አርኖልድ ራይንሆልድ የተባለ አሜሪካዊም እ.ኤ.አ. በ1995 ከ7,776 ቃላት ዝርዝር ዳይስ እየጣሉ ቃል የመምረጥን ዘዴ አውጥቶ ነበር። እኛም ሐሳቡን ወስደን በዶርማችን እንደሚከተለው ሠራንበት።

አሥር ቁራጭ ወረቀት ላይ ከ0 እስከ 9 ጽፈን በኮፍያ ውስጥ ቀላቀልን። ያወጣነውን መልሰን እየከተትን ሦስት ጊዜ ስናወጣ የመዝገበ ቃላቱ ገጽ ተገኘ፤ አራተኛው ዕጣ በገጹ ላይ ስንተኛው ቃል እንደሚወሰድ ነገረን፤ 0 ሲወጣ አሥረኛውን ወሰድን። ቁጥሩ ከመጽሐፉ ገጽ ሲያልፍ እንደገና ማውጣት ነው። 500 ገጽ ያለው መዝገበ ቃላት በዚህ ዓይነት ለአንድ ቃል 5,000 ምርጫ ይሰጣል፤ ለስድስት ቃላት ሲሰላ የምርጫው ብዛት 23 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሆናል። ዕጣው ያወጣውን ቃል «አልወደድኩትም» ብሎ መለወጥ ግን ክልክል ነው፤ ሰው የሚወደውን ቃል ሌባም ይገምተዋል። የማይገናኙትን ስድስት ቃላት በአንድ አስቂኝ ታሪክ ካያያዟቸው በሁለት ሦስት ቀን ይጠናሉ።

በፊደላችን በኩል አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። «ፀሐይ» ብለን በፀሐዩ «ፀ» ብንጽፍና ነገ በጸሎቱ «ጸ» ብንጽፍ ለጆሯችን አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀም እንዲሁ። በተውሶ ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ የግዕዝ ፊደል ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ቃላቱን በላቲን ፊደል መጻፍ፣ አጻጻፋቸውንም አንድ ጊዜ ወስኖ በወረቀቱ ላይ ማስፈር ይሻላል።

ከዚህ ጋር የኢሜላችንን ቃል ለብቻው በጭንቅላታችን ወይም በታሸገው ወረቀት ላይ መያዝ ያስፈልጋል። ማኔጀሩ በአዲስ ስልክ ስንገባ የማረጋገጫ ቁጥር ወደ ኢሜላችን ሊልክ ይችላል፤ የኢሜሉ ቃል ሣጥኑ ውስጥ ብቻ ካለ የሣጥኑን ቁልፍ ሣጥኑ ውስጥ ቆለፍነው ማለት ነው። በኢሜሉም በማኔጀሩም ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ እናብራ፤ ያን ጊዜ የሚሰጡንን የመጠባበቂያ ቁጥሮችም በዚያው ወረቀት ላይ እንጻፍ።

በመጨረሻም፣ ማንኛውም ማኔጀር ቢሆን የማያደርገው ነገር አለ። ዋናውን ቃል በኢንተርኔት ቤት ኮምፒዩተር ላይ ከጻፍነው፣ በመሣሪያው ላይ የተደበቀ ሰላይ ፕሮግራም ካለ ይወስደዋል። በስልክ ደውሎ «የደረሰህን ቁጥር ንገረኝ» ለሚል ሰው ከነገርነውም ሣጥኑ ምንም ሊረዳን አይችልም። ለጓደኛ ፍቅር ሲባል ቃልን መስጠትም ያው ነው።

ወንድማችን ኢሜሉን ከብዙ ድካም በኋላ አስመለሰ፤ የጠፉትን ሁለት ምዕራፎችም እንደገና እየጻፈ ነው። እኅቱ የላከችውን ገንዘብ ግን የሚመልስላት የለም። አሁን ከመላኳ በፊት ደውላ ድምፁን ትሰማለች፤ ከቤተ ሰባቸው በቀር ማንም የማያውቀውን አንድ ነገርም ትጠይቀዋለች። ይህ ከማንኛውም መተግበሪያ የማያንስ ብልኃት ነው።

እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና 34ቱን አካውንት ሁሉ በአንድ ሌሊት አስተካክሉ አንላችሁም። ዛሬ ማታ የኢሜላችሁን ቃል ብቻ ለውጡ፤ ነገ የገንዘቡን፣ ከነገ ወዲያ የፌስቡኩንና የቴሌግራሙን። ሌላው ቀስ እያለ ይከተላል። የምንጠብቀው የራሳችንን ስም ብቻ ሳይሆን፣ በስማችን ተጠይቀው ያላቸውን አራግፈው የሚልኩልንን ሰዎች ጭምር መሆኑን አንርሳ።